ከአስራ ስምንት ቀጥሎ ያለችው ዜሮ

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ነበር። ከጠረጴዛዬ ፊት ለፊት የሚቀመጠው ባልደረባዬ ወንበሩን ወደ እኔ አዞረና ጉሮሮውን ጠራረገ። ይህን ሰውዬ “ቀስ በቀስ” ብዬ ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ። እኔ ሦስት ፕሮግራም ጨርሼ አራተኛውን ስጀምር፣ እሱ የመጀመሪያውን መስመር አንብቦ፣ ደግሞ አንብቦ፣ ውሃ ጠጥቶ ይመለሳል። ዝግታው ያንገበግበኛል። ከአንድ ቀን በፊት ለእህቴ የጫጩት መፈልፈያ የጻፍኩትን ኮድ ለሌላ ሥራ መነሻ ይሁንህ ብዬ ሰጥቼው ነበር። እውነቱን ለመናገር እንዲማርበት ነው የሰጠሁት።

“ይቅርታ፣” አለኝ፣ “ይቺ ‘ማቆሚያ ቀን’ የምትለዋ በአስራ ሁለቱም ላይ ዜሮ የሆነችው አውቀሽ ነው?”

“የምን ዜሮ? አስራ ስምንት ነው የሚለው። መነጽርህን ጥረግ።”

“አስራ ስምንትማ አለ። ግን የተቀመጠው ‘ማገላበጥ’ ላይ ነው።”

“አይሆንም።”

“እሺ፣” አለ። የእሱ ክፋቱ ይሄ ነው፤ አይከራከርም።

ተነስቼ ስክሪኑ ላይ ተደፋሁ። አንድ ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛ ማንበብ አላስፈለገኝም።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። እህቴ አስራ ሁለት አሮጌ ፍሪጆች አሏት። አያቀዘቅዙም፤ የድሮ ሞተራቸው ወጥቶ በምትኩ ማሞቂያ፣ ማራገቢያና ወዲያና ወዲህ የሚያጋድል የእንቁላል መደርደሪያ ገብቶላቸዋል። እያንዳንዱ ሃምሳ እንቁላል ይይዛል። አሮጌ ፍሪጅ ደግሞ እንደ ሽማግሌ የየራሱ አመል አለው፤ የሦስተኛው በር አይገጥምም፣ ሰባተኛው ቶሎ ይግላል፣ አስራ አንደኛው ውስጡ ይደርቃል። ለሁሉም አንድ ዓይነት ትእዛዝ መስጠት አይቻልም። ስለዚህ አስራ ሁለቱን የምታዝ አንዲት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ሠራሁላት፤ በሰሌዳዋ ውስጥ ለእያንዳንዱ ፍሪጅ የራሱን ቅጽ ሞላሁለት።

ሲ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ቅጹ ስትራክት ይባላል። የእኔ ቅጽ አራት ሳጥኖች ነበሩት፤ ሙቀት፣ እርጥበት፣ በቀን ስንት ጊዜ ይገላበጥ፣ ማገላበጡ በስንተኛው ቀን ይቁም። አስራ ሁለት ቅጽ ተራ በተራ ሲደረደር አሬይ ይሆናል። መሙያው ሁለት መንገድ አለው። አንዱ፣ ከእያንዳንዱ ቁጥር ፊት የሳጥኑን ስም መጻፍ ነው፤ ሙቀት ይሄን ያህል፣ እርጥበት ይሄን ያህል እያሉ። ቀስ በቀስ የሚጽፈው እንደዚያ ነው፤ አንድ ገጽ የሚፈጀው ነገር ሦስት ገጽ ይፈጅበታል። ሌላው ስሙን ትቶ ቁጥሮቹን በተርታ ማፍሰስ ነው፤ 377 (ማለትም 37.7 ዲግሪ)፣ 55፣ 8፣ 18። ኮምፒውተሩ የመጀመሪያውን ቁጥር በመጀመሪያው ሳጥን፣ ሁለተኛውን በሁለተኛው እያለ ያስቀምጣል። የትኛውን እንደምመርጥ መናገር ያለብኝ አይመስለኝም።

ሁለት ዙር ጫጩት በዚህ ተፈለፈለ። ሦስተኛው ዙር ሊጀመር አንድ ቀን ሲቀረው እህቴ ደወለችና፣ የአየር ቀዳዳዎቹንም ሰሌዳዋ ትክፈታቸው፣ እኛ እየረሳን ነው አለችኝ። አምስተኛ ሳጥን ጨመርኩ፤ የአየር ቀዳዳ። መጨረሻ ላይ ባስቀምጠው ምንም አይፈጠርም ነበር። እኔ ግን ከእርጥበት ቀጥሎ አየር ቢመጣ ለዓይን ያምራል ብዬ መሃል ላይ ሰነቀርኩት። ከዚያ በኋላ አስራ ሁለቱንም መስመሮች አንድ በአንድ ማስተካከል ነበረብኝ። አላስተካከልኩም። ለምን እንዳላስተካከልኩ ዛሬም አላውቀውም። ስብሰባ ጠርተውኝ ይሆናል፣ ስልክ ጮኾ ይሆናል፣ ወይም ጨርሻለሁ ብዬ አምኜ ነበር፤ እንደዚያው በማግስቱ ሄጄ ጫንኩላት።

ሁሉም ሳጥን ቁጥር ስለሚቀበል ኮምፒውተሩ ትንፍሽ አላለም። ስምንቷ ማገላበጥን ትታ አየር ቀዳዳ ውስጥ ገባች። አስራ ስምንቷ ማቆሚያ ቀንን ትታ ማገላበጥ ውስጥ ገባች። ለመጨረሻው ሳጥን የተረፈ ቁጥር አልነበረም። በሲ ደግሞ እንዲህ ሳይሞላ የቀረ ሳጥን ዜሮ ይሆናል። ማገላበጡ በዜሮኛው ቀን ይቁም ማለት ነው። ከመጀመሪያዋ ሰዓት ጀምሮ አንድም እንቁላል አልተገላበጠም።

እናት ዶሮ እንቁላሏን በመንቆሯ እየገፋች የምታገላብጠው ሥራ ፈትታ አይደለም። ያልተገላበጠ ጽንስ ከቅርፊቱ ጋር ይጣበቅና ይሞታል። ያን ቀን እንቁላሎቹ ከገቡ አስር ቀን ሆኗቸው ነበር።

“ደውይላትና በእጇ ታገላብጠው፣” አለኝ ቀስ በቀስ።

“አውቃለሁ!” ብዬ ጮኽኩበት። ላፕቶፔንና ገመዴን ቦርሳ ውስጥ ወርውሬ ወጣሁ።

አልደወልኩም። ይህን መደበቅ አልፈልግም። ብደውልላት ሁለት ሰዓት ተኩል ይተርፍ ነበር፤ በሁለት ሰዓት ተኩል ውስጥ የሚተርፍ እንቁላል ይኖር እንደሆነም አላውቅም፤ ግን ይኖር ይሆናል። ስልኩን አራት ጊዜ ከኪሴ አወጣሁት፣ አራቴም መለስኩት። ብደውል “ለምን?” ትለኛለች። እዚያ ደርሼ በዝምታ ባስተካክለው ግን ማንም ምንም አይጠይቀኝም።

አውቶብሱ ሰው እስኪሞላ ቆሞ ጠበቀ። ሁለት መቀመጫ ሲቀር ሹፌሩ ወርዶ ከአንዱ ጋር ወሬ ጀመረ። እኔ እግሬን አንዴ ወደ ፊት አንዴ ወደ ኋላ፣ ቦርሳዬን አንዴ ጭኔ ላይ አንዴ መሬት ላይ ሳደርግ፣ አጠገቤ የተቀመጡት ብርቱካን የሚልጡ እናት አዩኝ አዩኝና፣

“ልጄ፣ ሽንትሽ መጥቶ ነው? ሳይነሳ ውረጂና ነይ፤ ቦታሽን እይዝልሻለሁ፣” አሉኝ።

“ደህና ነኝ እማማ።”

“ደህና ሰው እንዲህ አይቁነጠነጥም፣” አሉና ግማሹን ብርቱካን ሰጡኝ። ይዤው ቀረሁ። ጭማቂው በክንዴ ወርዶ እጅጌዬ ውስጥ ገባ።

መንገድ ላይ ውሸት ስመርጥ ነበር። አንደኛው የመብራት መቆራረጥ ነው፤ ነገር ግን መፈልፈያው መጠባበቂያ ባትሪ አለው፣ እህቴም ታውቃለች። ሁለተኛው “ትንሽ ማሻሻያ” የሚለው ነው፤ ይሄ ጥሩ ነው፣ የኮምፒውተር ሰው ሁልጊዜ ማሻሻያ አለው። ሦስተኛው እንቁላሎቹ ራሳቸው ከመግባታቸው በፊት ቆይተው ነበር የሚለው ነው። ይሄ ከሁሉም ይመቻል፤ እንቁላል ራሱን አይከላከልም። በየማቆሚያው አንዱን ጥዬ ሌላውን አነሳሁ። በራሴ አፈርኩ። አፍሬም መምረጤን አልተውኩም።

እህቴ በአስራ አራት ዓመት ትበልጠኛለች፤ ከልጅነቴ እታለም ነው የምላት። እሷና ጓደኛዋ ቀጮ አስራ ዘጠኝ ዓመት በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጎን ለጎን ሠርተዋል። ቀጮ ስሙ የወጣላት በወጣትነቷ ነው፤ ዛሬ በፍሪጆቹ መሃል የምታልፈው በጎኗ ነው፣ ስሙ ግን አብሯት ቀርቷል። ፋብሪካው ሲዘጋ ሌሎቹ ሲበተኑ ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ይህን ጀመሩ። እታለም በሕይወቷ ማንም ሳያዛት የጀመረችው የመጀመሪያ ሥራ ይሄ ነው። ስለ ጫጩቶቹ ስታወራ ድምፅዋ ይቀየራል፤ በልጅነቴ ሰምቼው የማላውቀው ድምፅ ነው።

ስደርስ ስድስት ሰዓት ሆኗል። መፈልፈያው ድሮ የመኪና ማቆሚያ የነበረ ረጅም ክፍል ነው፤ ፍሪጆቹ ስድስት ስድስት ሆነው ግራና ቀኝ ተደርድረዋል። ግድግዳው ላይ ራሴ በወፍራም እስክሪብቶ የጻፍኩት ወረቀት ተለጥፏል፤ “እጅ ማስገባት በፍጹም ክልክል ነው! ሞተሩ ይሰበራል!” ሁለት የቃለ አጋኖ ምልክት ነበረው። እታለም ብቻዋን በርጩማ ላይ ተቀምጣ የእንቁላል ትሪ በጨርቅ ትወለውላለች።

“ውይ! ምነው በደህና?” ብላ ተነሳች። “በሥራ ቀን?”

“እንዲሁ ላያችሁ ነው። ቀጮስ?”

“የለችም፣” አለችና ጨርቁን ጨመቀችው። ጨርቁ ደረቅ ነበር።

“ወዴት ሄደች?”

“አባረርኳት።”

ደንግጬ አየኋት። እታለም ሰው ስታባርር አይቼ አላውቅም፤ ቤታችን ድመት እንኳ ስታባርር “ሂጂ እናቴ” ነበር የምትለው።

“ከትናንት በስቲያ በባትሪ አየናቸው፣” አለች። በስምንተኛው ቀን እንቁላሉን በባትሪ ብርሃን አስደግፈው ውስጡን ያያሉ፤ ሕይወት ያለው ሥሮቹ እንደ ሸረሪት ድር ተዘርግተው ይታያሉ፣ የሞተው ቀይ ቀለበት ብቻ ነው። “መቶ ሰባ ሞቷል። ከስድስት መቶ መቶ ሰባ! ባለፈው ዙር በዚህ ጊዜ ስንት እንደነበር ታውቂያለሽ? ሃያ ሁለት። በሩን በየደቂቃው እየከፈተች፣ እየከፈተች፣ አቀዘቀዘችብኝ። ተይ ብላት አትሰማም። ተጣላን። በቃ ሂጂ አልኳት፣ ሄደች።”

“አስራ ዘጠኝ ዓመት...” ብዬ ጀመርኩ።

“አውቃለሁ ስንት ዓመት እንደሆነ!” አለችና ወዲያው ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። “ውሃ ላምጣልሽ። ላብ በላብ ሆነሻል።”

እንደወጣች ገመዴን አውጥቼ ሰሌዳዋ ላይ ሰካሁ። የሰሌዳዋ ስክሪን ጠባብ ናት፤ የሳጥኖቹን ስም ለመጻፍ ቦታ ስላልነበረ፣ ቦታ ለማግኘትም ስላልደከምኩ፣ የምታሳየው ቁጥሮቹን ብቻ ነው። የአንደኛው ፍሪጅ መስመር እንዲህ ይላል፤ 377፣ 55፣ 8፣ 18፣ 0። ያኔ ነው ሁሉም የገባኝ። ቁጥሮቹ እታለም ሁለት ዙር ሙሉ ያየቻቸው ቁጥሮች ነበሩ፣ በዚያው ቅደም ተከተል። ጫጩት የሚያስፈለፍል ሰው ደግሞ ስምንትንና አስራ ስምንትን እንደ ልጁ ስም ያውቃል። ዜሮዋን አዲሱ የአየር ቀዳዳ ናት ብላ ትወስዳለች፤ ገና አልተከፈተም ማለት ነው ብላ። ስህተቴ ስህተት እንኳ አይመስልም ነበር።

አስራ ሁለቱንም መስመሮች በመንገድ ላይ አስተካክያቸው ነበር፤ በዚህ ጊዜ ከነስማቸው። ጫንኩት። ሰሌዳዋ አንድ ጊዜ ጠፋች፣ በራች። ከዚያ ከግራ በኩል ከመጀመሪያው ፍሪጅ ሞተሩ ግርር አለ፤ ሁለተኛው ተከተለ፣ ሦስተኛው፣ እስከ አስራ ሁለተኛው። የመጀመሪያውን በር ገርበብ አድርጌ ሳይ መደርደሪያዎቹ በቀስታ ወደ ቀኝ አጋደሉ። አስር ቀን ሙሉ ወደ ግራ ብቻ አጋድለው ነበር።

ዞር ስል እታለም የውሃውን ብርጭቆ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።

“ምን አደረግሽ?”

“ትንሽ ማሻሻያ ነው።”

ምላሴ ላይ ተዘጋጅታ ስለነበር ሳላስበው ነው የወጣችው። እታለም ፍሪጆቹን አየች፣ እኔን አየች፣ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

“እሺ፣” አለች። “ጥሩ ነው። ተቀመጪ፤ ዳቦ አለ።” ወደ በርጩማዋ ተመለሰችና ትሪውን አነሳች። የወለወለችውን ጠርዝ ደግማ መወልወል ጀመረች።

ተቀመጥኩ። ተነሳሁ። ውሃውን ጠጣሁ። እስከ በሩ ሄጄ ተመለስኩ። ማምለጥ ችዬ ነበር እኮ፤ ሁሉም ነገር አልቋል፣ ሰሌዳዋ ትሠራለች፣ ሟቾቹን ቀጮ ተሸክማቸዋለች። የመመለሻ አውቶብስ በስምንት ሰዓት አለ። ይህን ሁሉ አሰብኩት፣ አሳምሬ አሰብኩት፣ ከዚያ እታለም ትሪውን እየወለወለች እንባዋን በክርኗ ስትጠርግ አየኋት።

“እታለም፣ እኔ ነኝ።”

“ምኑ?”

“እንቁላሎቹ። ቀጮ አይደለችም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አልተገላበጡም። ቁጥሮቹን ስሞላ አንድ ሳጥን መሃል ላይ ጨምሬ የቀሩትን ሳላስተካክል ተውኳቸው። ሁሉም በአንድ ቤት ተገፋ። ኮምፒውተሩ አላሳበቀብኝም። አሁን ማሻሻያ ያልኩሽ ውሸቴን ነው፤ ያደረግኩት እሱን ማስተካከል ነው።”

ጠበቅኳት። ብትጮህብኝ፣ ትሪውን ብትወረውርብኝ ደስ ይለኝ ነበር። እሷ ግን ትሪውን ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠች፣ ሽርጧን ፈታች፣ አጠፈችው።

“ለኔ ምን ይረባል?” አለች። “ነይ፣ ለእሷ ንገሪያት።”

የቀጮ ቤት ሁለት መንገድ ዞሮ ነው። እታለም ከፊት ከፊት ትሄዳለች፤ ረጅም እርምጃ ያላት ሴት አልነበረችም፣ ያን ቀን ግን እየሮጥኩ ነበር የምከተላት። ደረጃውን ወጣን። ቀጮ በረንዳው ላይ የታጠበ አንሶላ ገመድ ላይ እየዘረጋች ነበር። አየችን። አንሶላውን ዘርግታ ጨረሰች፣ ጠርዙን አስተካከለች፣ ከዚያ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

“እ?” አለች።

እታለም ወደ እኔ ጠቆመች። ሁሉንም እንደገና ተናገርኩት፤ ሳጥኑን፣ መገፋቱን፣ ዜሮዋን። “ይቅርታ አድርጊልኝ እትዬ፣” ብዬ ጨረስኩ። “ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የኔ ነው። አንቺ የከፈትሽው በር ምንም አላደረገም።”

ቀጮ እኔን ሳይሆን እህቴን ነበር የምታየው።

“ታዲያ ይሄ ምኑ ነው አዲስ?” አለች። “እንደማይገላበጥ በሁለተኛው ቀን አልነገርኩሽም?”

እታለም አንገቷን ደፋች።

“በሩን የምከፍተውስ ለምን ነበር? ያጋደለ እንደሆነ ለማየት አይደል? ‘ነይ እይው፣ እንደ ድንጋይ ቆሟል’ ብዬ እጅሽን ይዤ አላሳየሁሽም? ምን አልሽኝ? ንገሪያታ! እህትሽ ትስማው!”

“‘እህቴ አትሳሳትም’ አልኳት፣” አለች እታለም መሬት መሬት እያየች። “‘ቁጥሩ ይኸው ትክክል ነው፤ የእህቴን ሥራ አታራክሺ’ አልኳት።”

“በስምንተኛው ቀንም ደግሜ ብነግራት፣ ‘ስሟን አታንሺ፣ ውጪልኝ’ አለችኝ። በሩ ሰበብ ነው። ያባረረችኝ ስላንቺ ነው።”

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምንኛ ደስ ባለኝ። ግን እኔ እኔ ነኝና ሀፍረቱ ደረቴ ላይ ሳይደርስ ቁጣው ቀደመው።

“አይተሽዋል ማለት ነው?” ብዬ እህቴ ላይ ዞርኩባት። “በዓይንሽ በብረቱ እንደማይገላበጥ እያየሽ አስር ቀን ዝም አልሽ? ስልክ የለሽም? ለምን አልደወልሽልኝም?”

“ደውያለሁ።”

“መቼ?”

“በሦስተኛው ቀን። ከሰዓት በኋላ።”

“አልደወልሽም! ብትደውዪ አስታውስ አልነበር? ምን አልሽኝ?”

“ምንም አላልኩሽም፣” አለች እታለም። “ገና አፌን ልከፍት ስል፣ ‘ሥራ ላይ ነኝ፣ ማሽኑ የሚያደርገውን ያውቃል፣ ምንም እንዳትነካኩ’ አልሽኝና ዘጋሽው። ደግሜ ልደውል አሰብኩ። ትቆጪኛለሽ ብዬ ተውኩት።”

አላስታውሰውም። አሁንም ድረስ አላስታውሰውም። ስልኬን አወጣሁና ወደ ታች፣ ወደ ታች ወረድኩ። አለ። በሦስተኛው ቀን፣ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ። እታለም። አስራ አንድ ሴኮንድ።

ለቀጮ አሳየኋት። ለምን እንዳሳየኋት አላውቅም። መነጽር ስላላደረገች ስልኩን አርቃ ይዛ አነበበችውና መለሰችልኝ። ከበሩ ጀርባ ጫማዋን አወጣች፣ አንዱን እግሯን ካደረገች በኋላ ሚዛኗን ስትስት እታለም ሮጣ ክንዷን ያዘቻት። አልገፋቻትም።

“ስንት ቀረ?” አለች ቀጮ።

“አራት መቶ ሠላሳ ነበር። ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም። ብቻዬን ማየት ፈራሁ።”

“የባትሪውን ድንጋይ ቀይረሽዋል?”

“አልቀየርኩትም።”

“እሱንም እኔ እስክመጣ ነው የምትጠብቂው፣” አለችና ደረጃውን በጎኗ መውረድ ጀመረች። እታለም ክንዷን አልለቀቀችም። ከሦስት ደረጃ በኋላ ሁለቱ ስለ አስራ አንደኛው ፍሪጅ ድርቀት ያወሩ ነበር።

እኔ ስልኬን ይዤ ከአንሶላው ሥር ቆሜ ቀረሁ። ተከተይ ወይም ቅሪ ያለኝ የለም። እታለም ደረጃው መጨረሻ ላይ ስትደርስ ትዝ አልኳት መሰለኝ ቀና ብላ አየችኝ።

“አንቺስ?” አለች። “ሥራ ጥለሽ ነው የመጣሽው። አውቶብሱ በስምንት ሰዓት አለልሽ፤ ከፈለግሽ ሂጂ። ወይም ነይ። እንዳመቸሽ፤ እንዳትቆጪ ብዬ ነው።”

ስድብ ቢሆን እመልስ ነበር፣ መልስ አጥቼ አላውቅም። ስድብ አልነበረም። ያን ሁሉ እንቁላል ገድዬባት፣ አስራ ዘጠኝ ዓመት አብራት የኖረች ጓደኛዋን አስባርሬባት፣ እህቴ አሁንም እንዳልቆጣት እየተጠነቀቀች ነበር።